ለልጆች ጨዋታ የተጀመረው የቤተ ሰብ አትክልት ቦታ

የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ የሚመለከቱት ቤተ መንግሥቱንና የጦር ሜዳውን ነው። በአንድ ሠራተኛ ጓሮ የበቀለውን ጎመንና ድንች ለመመርመር የሚደክም ጸሐፊ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ኑሮ እንዴት እንደ ተለወጠ ለመረዳት ለሚሻ ሰው፥ ትንሽ የአትክልት ቦታም ብዙ ነገር ታስተምራለች። ስለዚህ ጀርመኖች «ሽሬበርጋርተን»፥ ማለት የሽሬበር አትክልት ቦታ፥ ብለው የሚጠሩትን የከተማ ቤተ ሰቦች ትንሽ እርሻ ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ኹሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በሳክሶኒ አገር በላይፕዚግ ከተማ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የፋብሪካ ሥራ ሲስፋፋ፥ የገጠሩ ሰው እንጀራውን ፍለጋ ወደ ከተማ ጐረፈ። በ1871 ከ100,000 ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ የነበራት ላይፕዚግ፥ በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች ጭምር ጠቅልላ በ1900 ከ450,000 የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ከተማ ሆነች። በመስክና በከብት መካከል ያደገ አባት፥ ልጁን በጠባብ የፎቅ ቤትና በጭስ መካከል ለማሳደግ ተገደደ።

በዚህች ከተማ ሞሪትስ ሽሬበር የሚባል ሐኪም ይኖር ነበር። ይህ ሰው የከተማ ልጆች በንጹሕ አየር ሊጫወቱና አካላቸውን ሊያሠለጥኑ ይገባል እያለ ያስተምር ነበር። በሌላ በኩል ግን ስለ ልጅ አስተዳደግ የነበረው አሳብ እጅግ የከረረ ስለ ነበረ፥ ልጆች ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ የሚያስገድድ መሣሪያ እስከ መፈልሰፍ ደርሷል። የሚያስገርመው ነገር፥ ሽሬበር በ1861 ስለ ሞተ፥ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን አትክልት ቦታ አንድም ቀን አላየም።

እርሱ ከሞተ በኋላ በ1864 ኤርንስት ኢኖሴንስ ሃውሺልድ የተባለ የትምህርት ቤት ዲሬክተር፥ ወላጆችና መምህራን ተገናኝተው ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚመካከሩበትን ማኅበር አቋቋመ፤ ለሐኪሙም መታሰቢያ እንዲሆን በሽሬበር ስም ሰየመው። በ1865 ማኅበሩ ለልጆች መጫወቻ የሚሆን የሣር ሜዳ ከፈተ። በዚያ ጊዜ በሜዳው ላይ ሩጫና ጨዋታ እንጂ የተቈፈረ መደብ አልነበረም።

መደቡን ያመጣው ካርል ጌዜል የተባለ በጡረታ ያለ መምህር ነው። ጌዜል ልጆች ከጨዋታው ጋራ ሥራንም እንዲለምዱ አስቦ፥ በሜዳው ዳር ትንንሽ መደቦች አበጅቶ ዘር አዘራቸው። ነገር ግን ልጅ ልጅ ነውና፥ የመጀመሪያው ደስታ ሲያልፍ መደቡን አረም ዋጠው፤ ልጆቹም ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ወላጆቻቸው ገብተው ማረምና መኰትኰት ጀመሩ። እንዲህ ሲሆን የልጆች መደብ የተባለው የቤተ ሰብ መደብ ሆነ፤ በ1870 ገደማም በአጥር የተከለሉት ቦታዎች ወደ 100 ያህል ደርሰው ነበር። መምህሩ ለልጆች ያሰናዳውን ትምህርት ወላጆች ተማሩት ማለት ነው።

በዚህች ቦታ ላይ የቤተ ሰቡ ኑሮ ምን ይመስል ነበር? እሑድ በደረሰ ጊዜ አባት አካፋውን፥ እናት የችግኙን ቅርጫት ይዘው፥ ልጆችም የእጅ ጋሪ እየጐተቱ ይወጣሉ። አባት ይቈፍራል፤ እናት የአደንጓሬውን ሐረግ በእንጨት ላይ ታስይዛለች፤ አያት በጐጆዋ ጥላ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች፤ ልጆች ከጣሪያ የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ያመላልሳሉ። ብዙዎቹ ጥንቸልና ዶሮ ያረቡ ስለ ነበረ፥ ለጥንቸሉ ሣር ማምጣት የታናናሾቹ ተግባር ነበር። ከቀትር በኋላ ቡና ይፈላል፤ ጎረቤትና ጎረቤት በአጥር ላይ ዘርና ምክር ይለዋወጣሉ። ፍራፍሬው ሲደርስም ለበረዶው ወራት በብርጭቆ ዕቃ ታሽጎ ይቀመጣል።

ሀብታም የሆነ ሰው ይህን አይቶ የዕረፍት ቀን ጨዋታ ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን ክፉ ቀን መጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ የባሕሩን በር ስለ ዘጋች ከውጭ የሚገባው እህል ተቋረጠ፤ የድንቹም ምርት በመክሸፉ በ1916 መጨረሻና በ1917 መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ ለከብት መኖ ይሆን የነበረውን የሥር ተክል እስከ መብላት ደረሰ። በዚያ የራብ ወራት ድንችና ጥቂት ጥንቸል ያለው ቤተ ሰብ ከጎረቤቱ ይሻል ነበር። መንግሥትም ጥቅሙን ተረድቶ፥ በሐምሌ ወር 1919 ባወጣው ሕግ የመሬቱ ኪራይ ከልክ እንዳያልፍ፥ ተከራዩም በባለ መሬቱ ፈቃድ ብቻ እንዳይባረር ደነገገ።

አጥር ግን ሰውን አቅፎ እንደሚይዝ ኹሉ፥ ሰውን ከውጭ ያስቀራል። በናዚ ዘመን አይሁድ ከእነዚህ ማኅበራት ተባረሩ። ቢሆንም የሰው ልብ አንድ አይደለምና፥ በበርሊን ከተማ «ሥላሴ» በተባለ የአትክልት መንደር የሚኖሩ ሦስት ሴቶች፥ በ1925 የተወለደውን ሃንስ ሮዘንታል የተባለ አይሁዳዊ ወጣት ከ1943 እስከ 1945 ሸሽገው ከሞት አዳኑት። ወላጆቹ የሞቱበት፥ ታናሽ ወንድሙም በናዚዎች የተገደለበት ይህ ወጣት፥ ከጦርነቱ በኋላ በራዲዮና በቴሌቪዥን በመላ አገሩ የታወቀ ሰው ሆነ። የአትክልት ጐጆ ለእርሱ ከሠራዊት ምሽግ የጸናች መጠጊያ ነበረች።

ጦርነቱ ሲያልቅ ቤታቸው በቦምብ የፈረሰባቸው ብዙ ቤተ ሰቦች በእነዚሁ ጐጆዎች ተጠለሉ። ኑሮ ሲሻሻል ደግሞ ቦታው ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። በ1983 የወጣው ሕግ አንዱ ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር፥ ጐጆውም ከ24 ካሬ ሜትር ማለፍ እንደማይገባውና መኖሪያ ቤት መሆን እንደሌለበት ይወስናል። ፍርድ ቤቶችም ቢያንስ ሲሶው ለምግብ የሚሆን አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበቅልበት ይጠብቃሉ። በላይፕዚግም የመጀመሪያው ማኅበር በ1896 የሠራው ቤት ዛሬ የእነዚህ ትንንሽ አትክልት ቦታዎች ቤተ መዘክር ነው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ የሚያነብ መምህር፥ ወይም ወላጅ፥ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ፥ የጌዜልን መደብ ያስታውስ። በመጀመሪያው ዓመት መደቡን ያየ ሰው አረም ብቻ አየ፤ ሥራው ከንቱ ሆነ ቢል አይፈረድበትም ነበር። ሆኖም ከዚያ አረም ሥር የተራበን የሚመግብ፥ ቤት ያጣን የሚያስጠጋ ነገር በቀለ። ትንሽ ሥራ የጀመረ ሰው ፍሬውን በራሱ ዘመን ባያይም፥ መሬቱን ለሚቀጥለው ሰው ክፍት አድርጎ መተው ይገባዋል።