የጠጣር ነገሮች ሙቀት፤ ከልኬት እስከ ክፍት ስሌት

ፈረንሳውያኑ ዱሎንና ፔቲ በ1819 እ.ኤ.አ. የጠጣር ንጥረ ነገር አቶሞች ሁሉ ሙቀት የመያዝ ችሎታቸው እኩል ነው የሚል ሕግ አወጡ። አልማዝ ግን ለሕጉ አልገዛም አለ። ቬበር በ1870ዎቹ የአልማዝ ችሎታ ሲቀዘቅዝ እንደሚያንስ ለክቶ ውጤቱን አሳተመ። የቀድሞ ተማሪው አንስታይን በ1907 የኳንተም ቀመሩን ያመዛዘነው በዚያው ልኬት ነው፤ በ1912 ደባይ ቀመሩን አሻሻለ።

ዛሬ ፎኖፓይን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም የክሪስታሉን የአቶም ንዝረት አስልቶ ይህንኑ ችሎታ ያወጣል። ምንጭ ጽሑፉ ክፍት ስለ ሆነ፣ ተማሪው በገዛ ኮምፒዩተሩ ኮምፓይል ሊያደርገው፣ ማለት ኮምፒዩተሩ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ ሊለውጠው፣ ቀመሩንም መስመር በመስመር ሊመረምረው ይችላል። ስለዚህ የነፃነቱ ዋና ጥቅም ዋጋ አለመጠየቁ ነው አንልም። ቬበር ልኬቱን ሸሽጎ ቢሆን ኖሮ አንስታይን በምን ይመዝን ነበር? ስሌቱ የተሸሸገ ፕሮግራምም ውጤቱን በእምነት ብቻ እንድንቀበል ያስገድደናል።