የተራራ ብስክሌት ክራንክና የጥርስ መበላት በካርቱም

ክራንክ ነጂው በእግሩ የሚሰጠውን ጉልበት ተቀብሎ ለሰንሰለት የሚያቀብል የብስክሌት አካል ነው። ፔዳል የሚታሰርባቸው ሁለት ክንዶች፣ ክንዶቹን የሚያገናኝ ዘንግ፣ ዘንጉ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች እንዲሁም ቀኝ ክንድ ላይ የሚታሰር አንድ ወይም ከዚያ በላይ ጥርሳም ቀለበት አሉት። በተራራ ብስክሌት ላይ ይህ አካል ከመንገድ ብስክሌቱ ይልቅ ይፈተናል፤ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጭቃና አሸዋው ቅርብ ነው፣ ነጂውም ብዙ ጊዜ ቆሞ ፔዳል ይመታል። የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ተራራ የላትም። ያም ሆኖ ክራንክ በምን እንደሚጎዳ ለማየት ከእሷ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ አቧራዋ ጥርስ ይበላል፣ ከእሷ ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ደግሞ በተበላ ጥርስ አይወጣም።

የክንዱ ርዝመት ከዘንጉ መሃል እስከ ፔዳሉ መሃል የሚለካ ሲሆን ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ165 እስከ 175 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ርዝመትና የቀለበቱ ስፋት አንድ ላይ ሆነው ሰንሰለቱ ላይ የሚያርፈውን ውጥረት ይወስናሉ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 175 ሚሊ ሜትር ክንድ አግድም በሆነበት ቅጽበት ሙሉ ክብደቱን አንድ ፔዳል ላይ ቢጥል፣ 32 ጥርስ ባለው ቀለበት የሚጎተተው ሰንሰለት ወደ 190 ኪሎ የሚጠጋ ውጥረት ይሸከማል። 42 ጥርስ ባለው ቀለበት ውጥረቱ ወደ 145 ኪሎ ይወርዳል፤ 22 ጥርስ ባለው ግን ከ270 ኪሎ ያልፋል። ትንሹ ቀለበት ትልቁን ጭነት በጥቂት ጥርስ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሲሰላ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው፤ ብዙ አምራቾችም ትልልቆቹን ቀለበቶች ከአሉሚኒየም ሲሠሩ ትንሹን ከብረት የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ጥርስን የሚበላው ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተለጠጠ ሲባል ይሰማል እንጂ ብረቱ አልተለጠጠም፤ መገጣጠሚያዎቹን የሚይዙት ፒኖችና ፒኖቹ የሚዞሩባቸው ቀዳዳዎች ናቸው እየተፋቁ የሚሄዱት። በአዲስ ሰንሰለት ላይ ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀለበቱም የተቀረጸው ለዚሁ ርቀት ነው። ፒኖቹ ሲፋቁ ርቀቱ ይጨምራል፣ ሰንሰለቱም ከጥርሱ ሥር በትክክል መቀመጥ ትቶ ወደ ጫፉ መውጣት ይጀምራል። በብዙ ጥርስ ላይ ተከፋፍሎ የነበረው ጭነት በጥቂቶቹ ላይ ይወድቃል። ሰንሰለቱን የሚገፋው የጥርሱ ፊት ይጎደጉዳል፣ ጫፉ ይሾላል፣ በመጨረሻም መንጠቆ ይሠራል። መንጠቆው ሰንሰለቱን ከታች በጊዜው አይለቀውም፤ ይዞት ወደ ላይ ይወጣና ከብስክሌቱ አጽም ጋር ያጣብቀዋል። ይህ ዳገት ላይ ሲደርስ ነጂውን መሬት ላይ ይጥላል፤ ብዙ ጊዜም የአጽሙን ቀለም ልጦ ብረቱን ይቦረቡራል።

ከዚህ ተነስቶ ለአንባቢ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በጊዜው ያልተለወጠ ሰንሰለት ከራሱ ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ንብረት ይዞ ይሄዳል። አዲስ ሰንሰለት በተበላ ጥርስ ላይ ቢታሰር ይዘላል፤ ያረጀ ሰንሰለት በአዲስ ጥርስ ላይ ቢታሰር ጥርሱን በፍጥነት ወደራሱ እርጅና ያወርደዋል። ውድ ክራንክ ገዝቶ አሮጌ ሰንሰለት ማሰር ገንዘብን መጣል ነው።

የሥራው ብዛት በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገባል። ከካርቱም እስከ ዋድ መዳኒ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ባለ 29 ኢንች ጎማ ብስክሌት ከፊት 32፣ ከኋላ 16 ጥርስ ይዞ ቢሄድ በአንድ ሙሉ ዙር 4.6 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ክራንኩ ዋድ መዳኒ እስኪደርስ ወደ 40 ሺህ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ያን ያህል ጊዜ ሰንሰለቱን ተቀብሎ ይሸኛል። በንጹሕ አየር ይህ ቀላል ነው። በካርቱም ግን በጥርሱና በሰንሰለቱ መካከል ሌላ ነገር ይገባል።

ካርቱም ነጭ አባይና ጥቁር አባይ በሚገናኙበት፣ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ከኦምዱርማንና ከባሕሪ ጋር ተያይዛ ያለች ከተማ ናት። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ደጋግሞ ያልፋል። የዝናቡ ወቅት ሲቃረብና ሲገባ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ይነሳል፤ ከነጎድጓድ ደመና ወደ ታች የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ መሬቱን ጠርጎ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ሊደርስ የሚችል የአቧራ ግድግዳ አቁሞ ይነዳል። ሀቡብ ሲያልፍ ደቃቁ አሸዋ ያልገባበት ቀዳዳ አይገኝም። የሰንሰለት ፒንና የኩሽኔታ ጎማ ማሸጊያም ከእነዚህ ቀዳዳዎች መካከል ናቸው።

የአሸዋው ዋና አካል ኳርትዝ ነው። በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ላይ ኳርትዝ 7ኛ ደረጃ ሲይዝ አሉሚኒየም 3 እንኳ አይሞላም፤ ተራ ብረትም ከ4 እስከ 5 ድረስ ነው። ደረቅ አሸዋ ከሰንሰለት ላይ ይራገፋል። ዘይት የበዛበት ሰንሰለት ላይ ሲያርፍ ግን ይጣበቃል፣ ከዘይቱ ጋር ይቦካል፣ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ የሞረድ ሥራ ይሠራል። ሰንሰለቱ ላይ የሚታየው ጥቁር ዝቃጭ ዘይት ብቻ አይደለም፤ ከፒንና ከጥርስ የተፋቀ ብረትና አሉሚኒየምም አለበት። ለዚህ ነው በካርቱም ዘይት ማብዛት የሚጎዳው። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ በቀለጠ ፓራፊን ሰም ውስጥ ነክሮ ማውጣት ለዚህ አየር ይስማማል፤ ሰሙ ሲቀዘቅዝ ደረቅ ስለሚሆን አቧራ አይዝም። ፓራፊን እንደየዓይነቱ ከ50 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ሲል መለስለስና መቅለጥ ስለሚጀምር ብስክሌቱን በቀትር ፀሐይ ውስጥ አለማቆም ተገቢ ነው። ሰም የማያገኝ ሰው በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጎ፣ ፔዳሉን ጥቂት አዙሮ፣ ከውጭ የቀረውን በጨርቅ ሙልጭ አድርጎ ይጥረግ። ዘይት የሚያስፈልገው ውስጥ ነው።

በካርቱምና በገዚራ የእርሻ መንደሮች ለዕለት ሥራ የሚያገለግለው ከባዱ የብረት ብስክሌት በዚህ ረገድ ከተራራ ብስክሌት የሚሻልበት ነገር አለው። አንድ የፊት ቀለበት ብቻ ይይዛል፣ ቀለበቱ ትልቅና የብረት ነው፣ ሰንሰለቱም ወፍራም ነው፤ አንዳንዱ ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ የሚከልል የቆርቆሮ ሽፋን አለው። የተራራ ብስክሌት ማርሽ ለመቀየር ሲል ይህን ሽፋን ጥሎታል፣ ሰንሰለቱንም አቅጥኗል። ፍጥነትና ቅለት ያገኘበት ምርጫ በአቧራ አገር ዋጋ ያስከፍለዋል።

ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ምድር ሌላ ፈተና ያመጣል። ገዚራም ሆነ የሰሊጥና የማሽላ እርሻ የሞላበት የገዳሪፍ ሜዳ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ተጣብቆ አይለቅም። ከአስፋልት የወጣ ብስክሌት ጎማው፣ ማርሹና የፊት ቀለበቱ በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ ጥርስና ጥርስ መካከል የታመቀ መረሬ ሰንሰለቱን ወደ ላይ አንስቶ ይጥለዋል። እዚህ ፔዳል በኃይል መምታት ክንድ ያጣምማል፣ ሰንሰለት ይበጥሳል። ወርዶ በእንጨት መጎርጎር ነው ያለው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና ከካይሮ እስከ ኬፕታውን ወደ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ቱር ዳፍሪክ የተባለው የብስክሌት ጉዞ ከካርቱም ወደ ጎንደር የሚወጣውን መንገድ ለዓመታት ተከትሏል። ነጂዎቹ ከዋዲ ሃልፋ በዶንጎላ በኩል ካርቱም ይገቡ፣ ከዚያም በገዳሪፍና በገላባት አድርገው በመተማ ወደ ኢትዮጵያ ይሻገሩ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ይህ መስመር ተዘግቷል። ለክራንክ ጥናት ግን የመንገዱ ቅርጽ ራሱ አስተማሪ ነው፦ ከካርቱም እስከ ድንበሩ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ከመተማ በኋላ ምድሩ ከ700 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ወዳለችው ጎንደር ይወጣል። ሦስት የፊት ቀለበት ያለው ብስክሌት ሜዳውን በትልቁና በመካከለኛው ይጨርሳል። ትንሹ ቀለበት አይነካም። ዳገቱ ሲመጣ ነጂው ያልተበላውን 22 ጥርስ ያስገባል፤ ሰንሰለቱ ግን በአሸዋ አርጅቶ ረዝሟል። ከላይ የተጠቀሰው ከባድ ውጥረት ከረዘመ ሰንሰለት ጋር ሆኖ አዲሱን ጥርስ ጫፉ ላይ ይበላዋል። ሰንሰለት መለወጥ ያለበት እንግዲህ ከዳገቱ በፊት፣ ገዳሪፍ ላይ ነው።

የፊት ቀለበቶች ቁጥር ራሱ ተለውጧል። ሺማኖ የተባለው የብስክሌት ዕቃ አምራች ለተራራ ብስክሌት የተዘጋጀውን ዲኦሬ ኤክስቲ የተባለ የዕቃዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1982 ካወጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሦስት ቀለበት የተለመደ ነበር፤ 44፣ 32 እና 22 ጥርስ ያለው ዓይነት በሰፊው ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ስራም የተባለው ሌላ አምራች ኤክስኤክስ1 የተባለውን ስብስብ ይዞ መጣ፦ ከፊት አንድ ቀለበት ብቻ፣ ከኋላ 11 ማርሽ። ሰንሰለቱ እንዳይወልቅ ጥርሶቹ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን እየሆኑ ከሰንሰለቱ ሰፊና ጠባብ ክፍተቶች ጋር ይገጥማሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው ባለ 12 ማርሽ ኢግል የኋላውን ትልቁን ጥርስ 50 አደረሰው፤ ከፊት 32 ይዞ 50 ላይ መውጣት ከቀድሞው 22 በ34 ጋር እኩል የሚባል ነው። ለካርቱም ነጂ የአንድ ቀለበት ጥቅም ለማጽዳት ቀላል መሆኑ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሥራው ሁሉ በአንድ ቀለበት ላይ መውደቁ ሲሆን፣ ወፍራሙ ጥርስ ሲሳሳ ሰንሰለት የመያዝ ችሎታው አብሮ ይጠፋል።

ዘንግና ኩሽኔታም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የድሮው ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ኩሽኔታዎቹን አጽሙ ውስጥ ይሸሽጋል። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤክስቲአር በተባለው ስብስቡ ያመጣው ባለ 24 ሚሊ ሜትር ውስጠ ክፍት ዘንግ ኩሽኔታዎቹን ወደ ውጭ አወጣቸው፤ ክራንኩ ቀለለ፣ ጠነከረ፣ ኩሽኔታዎቹ ግን ለአቧራ ቀረቡ። ብስክሌቱ በካርቱም ለዕለት ሥራ ከሆነ የታሸገ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ አሁንም ይመረጣል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ብሎኑ ላልቶ እያለ መንዳት የአሉሚኒየም ክንዱን ቀዳዳ ያሰፋዋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ቢጠብቅ አይይዝም። ውስጣቸው ክፍት የሆነና በማጣበቂያ የተያያዙ ክንዶችም ፍተሻ ይፈልጋሉ። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ2023 በሰሜን አሜሪካ ብቻ 760 ሺህ ያህል የመንገድ ብስክሌት ክራንኮችን ለምርመራ የጠራው የተጣበቁት ክፍሎች ሊላቀቁ ስለሚችሉ ነበር።

እርጅናን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በአዲስ ሰንሰለት ላይ 24 መገጣጠሚያ 304.8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ተወጥሮ በማስመሪያ ሲለካ 306.3 ከደረሰ 0.5 በመቶ ረዝሟል ማለት ነው፤ ባለ 11 እና ባለ 12 ማርሽ ሰንሰለት እዚህ ላይ ይለወጣል። ማርሽ የሌለው ወፍራም ሰንሰለት 308 ገደማ፣ ማለትም 1 በመቶ እስኪደርስ ያገለግላል። ሌላው መንገድ ሰንሰለቱን ከፊት ቀለበቱ ግንባር በጣት መሳብ ነው፤ ጥርሱ ከግማሽ በላይ ከታየ ሰንሰለቱ ወይም ቀለበቱ ወይም ሁለቱም አልቀዋል።

ቀለበቱ በዙሪያው ሁሉ እኩል አይበላም። እግር ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው ክንዱ አግድም ሲሆን ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቅጽበት ሰንሰለቱን የሚጎትቱት፣ ፊት ለፊት ተቃራኒ የሆኑ ሁለት የጥርስ ክፍሎች ቀድመው ይሾላሉ። በአራት ብሎን የሚታሰር ነጠላ ቀለበት ከመንጠቆ ደረጃ ሳይደርስ ተፈትቶ በአንድ ቀዳዳ፣ ማለትም በ90 ዲግሪ፣ ዞሮ ቢታሰር ያልተበሉት ጥርሶች ወደ ከባዱ ሥራ ይገባሉ። ሁለትና ሦስት ቀለበት ባላቸው ክራንኮች ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ሰንሰለቱን ወደ ላይ የሚያወጡት መወጣጫዎች ከክንዱ አንጻር ቦታቸው የተወሰነ ነውና። ቀለበቱ ከክንዱ ጋር ተጣብቆ በተሠራው በአሮጌው የብረት ክራንክ ላይም እንዲሁ አይቻልም፤ እዚያ ጥርሱ ሲያልቅ ክንዱም አብሮ ይለወጣል።