ባቡር በማያልፍበት አገር

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። 120 ሜትር የሚረዝም ባቡር በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር እየከነፈ 180 ሜትር ከሚረዝም ድልድይ ደረሰ። ድልድዩን ጨርሶ ለመሻገር ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? የተሰጣችሁ ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። እሱም እያለቀ ነው።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ልቤ ባቡሩ ላይ ይቀራል፤ ወዴት ነው የሚሄደው? ማን ተሳፍሯል? ነቀምቴ ላይ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ግን ይህ ቅንጦት የለውም። የባቡሩንና የድልድዩን ርዝመት ይደምራል፤ 300። ፍጥነቱን በ5 አባዝቶ ለ18 ያካፍላል፤ 15። ሦስት መቶ ለአሥራ አምስት፤ 20 ሰከንድ። ቀጥሎ! ይህን ሁሉ የሚያጠናው ባንክ ለመቀጠር ነው። ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከሻምቡ እስከ ጊምቢ ብትዞሩ ደግሞ ባቡር የሚሄድበት አንድም ሐዲድ አታገኙም። ታዲያ ይህን ባቡር ወለጋ ምን አመጣው?

በፎቶ ኮፒ ነው የመጣው። ተማሪ በሚበዛበት ሰፈር ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች «አፕቲቲዩድ» የሚባል ጥራዝ ይሸጣል። የቅጂ ቅጂ ነውና ፊደሉ ደብዝዟል፣ የገጹ ቁጥር ተቆርጧል፣ ደራሲው ማን እንደሆነ የሚናገር ሽፋንም የለው። ገለጥ ገለጥ ሳደርገው ግን ገንዘቡ ሩፒ ሆኖ አገኘሁት። ሕንድ አገር ለባንክና ለመንግሥት ሥራ የሚወዳደሩ ወጣቶች የሚያጠኑባቸው ወፋፍራም መጻሕፍት አሉ፤ ከታወቁት አንዱ የአር. ኤስ. አጋርዋል ነው። ስለ ባቡር ብቻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ ስለ ጀልባና ስለ ወንዝ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ አለው። ለሕንድ ልጅ ባቡር ማለት ለእኛ ባለ ተሳቢ መኪና ማለት ነው፤ በየቀኑ ያየዋል። (ሂሳብን ከሕንዶች መማር አዲሳችን አይደለም። በጃንሆይ ዘመን ታላላቆቻችንን በየጠቅላይ ግዛቱ ያስተማሩ ብዙ ሕንዶች ነበሩ፤ ከሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ ወዲህም በየክልሉ የተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች በሕንድ መምህራን ተሞልተው ነበር።)

ሕንዶቹስ ፈትኖ መቅጠርን ከየት አገኙት? ነገሩ ረጅም ጉዞ ነው፤ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ልተርክላችሁ።

ሰውን ፈትኖ ለመንግሥት ሥራ መመልመልን ሥርዓት ያደረገችው ቻይና ናት። ከሰባተኛው መቶ ዓመት መባቻ እስከ 1905 ድረስ፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል፣ እየተቋረጠም እየቀጠለም ሹመት በፈተና ይገኝ ነበር። ናንጂንግ ላይ ብቻ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ጠባብ የመፈተኛ ክፍሎች ነበሩ። ተፈታኙ ስንቁንና ምንጣፉን ይዞ ገብቶ ቀናት እዚያው ይቆያል። መጻሕፍቱን በጥቃቅን ፊደል የገለበጡባቸው፣ ከውስጥ የሚለበሱ ሸሚዞች ዛሬም በሙዚየም ይታያሉ። አጤሬራ የእኛ ልጆች ፈጠራ የሚመስለው ካለ ይስማ!

የቻይናው ነገር በነጋዴና በሚሲዮናዊ አፍ አውሮፓ ደረሰ። በ1854 ኖርዝኮትና ትሬቨልያን የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሹማምንት፣ የመንግሥት ሥራ በዘመድና በደጅ ጥናት መታደሉ ቀርቶ በፈተና ይሁን የሚል ሪፖርት አቀረቡ። በማግስቱ ዓመት ሕንድን የሚያስተዳድሩ ሹማምንትን ለመመልመል የመጀመሪያው ግልጽ ውድድር ተካሄደ። በወረቀት ላይ ሕንዳዊም መወዳደር ይችላል። ችግሩ፣ ፈተናው የሚሰጠው ለንደን ነው! ሕንዳዊው ውቅያኖስ አቋርጦ፣ ላቲንና ግሪክ ከሕፃንነታቸው ከተጋቱ ልጆች ጎን ተቀምጦ፣ ላቲንና ግሪክ ብዙ ነጥብ በሚያስገኝበት ወረቀት ይፈተናል። በ1863 ሳትየንድራናት ታጎር፣ የታላቁ ባለቅኔ የራቢንድራናት ታላቅ ወንድም፣ አልፎ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ሆነ። በ1870ዎቹ ደግሞ የዕድሜ ጣሪያው ወደ 19 ዓመት ወረደ፤ እንግዲህ በ19 ዓመቱ ከካልካታ ለንደን የሚደርስ ይድረስ። ፈተናውን እዚያው ሕንድ ውስጥ መስጠት የተጀመረው በ1922 ነው። ከ67 ዓመት በኋላ! በዚህ መሃል ለንደን ውስጥ በክፍያ የሚያስጠኑ ሰዎች ደህና ኑሮ ኖሩ፤ እንግሊዞቹ «ጠቅጣቂዎች» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር።

«አፕቲቲዩድ» የሚለውን ስም ያገነነችው ግን አሜሪካ ናት። ቃሉ ሥሩ ላቲን ነው፤ የተስማማ፣ የተመቸ እንደማለት። ወደ አማርኛ ሲመጣ አንዱ «ተሰጥኦ»፣ ሌላው «ዝንባሌ»፣ ሦስተኛው «ችሎታ» ይለዋል። ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትርጉሙ ያስቸገረን ነገሩ ራሱ ስላልጠራ ይመስለኛል። ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር 1.7 ሚሊዮን ያህል ምልምሎችን የተፈጥሮ ብልህነትን ይለካል በተባለ ፈተና አሳለፈ። ከጥያቄዎቹ መካከል የአንድ ቤዝቦል ተጫዋች ስምና የአንድ ገበያ ላይ ያለ የምግብ ዘይት ስም ይገኙበታል። ትናንት ከመርከብ የወረደ ስደተኛ ይህን ከየት ይወቀው? ካርል ብሪገም የተባለ የፕሪንስተን ምሁር በ1923 ያንን ውጤት ይዞ የትኛው ዘር ከየትኛው እንደሚበልጥ የሚናገር መጽሐፍ ጻፈ። በ1926 ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ አፕቲቲዩድ ፈተና ያዘጋጀውም ይኸው ሰው ነው። በ1930 ድምዳሜው መሠረት የሌለው እንደነበር ራሱ ጽፎ አረመ፤ ፈተናው ግን ቀጠለ።

አዘጋጆቹ ለአሥርት ዓመታት «ይህ ፈተና በጥናት የሚለወጥ አይደለም» ሲሉ ኖሩ። ብሩክሊን ውስጥ ደግሞ ስታንሊ ካፕላን የሚባል የስደተኞች ልጅ ከ1946 ጀምሮ ወላጆቹ ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ ተማሪ ሰብስቦ ያስጠና ነበር። ተማሪዎቹ ውጤት ያመጣሉ። በ1979 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ ማስጠናት ቢያንስ የአንዳንዶችን ውጤት ከፍ እንደሚያደርግ ዘገበ። በ1990ዎቹ «አፕቲቲዩድ» የሚለው ቃል ከፈተናው ስም ላይ ተነሣ። እነሱ ጥለውት እኛ አንሥተነዋል፤ ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ እስከ ባንክ ቅጥር ድረስ በዚሁ ስም እንፈተናለን።

«አይጠናም» የተባለ ፈተና የሚጠቅመው ቀድሞ ላጠናው ነው። ጥያቄው ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ ያየ፣ በሰዓት የተለማመደ፣ የቆየ ወረቀት ያለው ዘመድ ያለው ያልፋል። ሌላው ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ እስኪገባው ደወል ይደወልበታል።

ወለጋ ላይ ይህ ይበልጥ የሚቆጨኝ፣ አገሩ ፊደል የቆጠረው ገና ድሮ ስለሆነ ነው። በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣው አናሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ በ1894 አሳተመ፤ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አወጣ። ሁለቱም በግዕዝ ፊደል። አስቴር የሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች ብቻቸውን አንድ ዩኒቨርሲቲ ያስመሰግናሉ። በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት ገና አልተከፈተም፤ እሱ የተከፈተው በ1908 ነው። አናሲሞስ ተከሰሰ፣ እንዳይሰብክ ተከለከለ፣ እሱ ግን እስኪሞት ድረስ ከዚያ አገር አልወጣም። ቦጂ፣ ነጆ፣ አይራ፣ ደምቢ ዶሎ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶቻቸው ያፈሯቸው ሰዎች በመላ አገሪቱ ሠርተዋል።

ከዚያ ቋንቋው ተለዋወጠ። በ1936 ዓ.ም. ሚሲዮኖችን የሚመለከተው ድንጋጌ ማስተማሪያው አማርኛ ይሁን አለ። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኦሮምኛ በቁቤ ሆነ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ እንግሊዝኛ። አያት ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል አነበበ፣ አባት በአማርኛ ተማረ፣ ልጅ በቁቤ። ሦስቱም ሥራ ልቀጠር ቢሉ ዛሬ የሚጠብቃቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ «የቃላት ዝምድና» ነው፤ ይህ ለዚያ እንደሆነ ያኛው ለየትኛው ነው የሚል። አሜሪካኖቹን ራሳቸውን ያነታረከ አንድ የታወቀ ጥያቄ ነበር፦ ሯጭ ለማራቶን ከሆነ፣ ቀዛፊ ለምንድን ነው? መልሱ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር መጠሪያ የሆነ ቃል ነው፤ የሀብታም ሰፈር ልጅ የሚያውቀው። ኤስ.ኤ.ቲ. እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ጨርሶ አስወጣቸው። ነቀምቴ ያለው ጥራዝ ውስጥ ግን አሁንም ሞልተዋል፤ ቅጂ መቼ ይሞታል?

የሚያናድደኝ፣ ዝምድና መፈለግ ለእኛ ልጆች አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልህ» «ምን አውቅልህ» ሲባባል ያደገ ልጅ፣ ወይም በኦሮምኛው ሂቦ ሲጫወት ያመሸ ልጅ፣ ከዚህ ሌላ ምን ሲሠራ ነበር? ሂሳቡም እንዲሁ ነው። ጊምቢ ገበያ ላይ ቡና የሚገዛ ነጋዴ ፈረሱላውን በ17 ኪሎ እየመነዘረ፣ እርጥበቱን እየቀነሰ፣ የማጓጓዣውን እየደመረ ሒሳቡን ቆሞ ይጨርሰዋል። (የወለጋ ቡና የዓለም ገበያ ላይ እስከ ዛሬ በከተማዋ የቀድሞ መጠሪያ «ለቀምት» ይባላል፤ ስሙን ከባለቤቱ ይልቅ ገዢው ጠብቆታል።) ያንኑ ነጋዴ ባቡር ላይ አሳፍሩት፣ በእንግሊዝኛ ጠይቁት፣ ሰዓት ያዙበት፤ ይወድቃል። የባቡሩን ጥያቄ ዲዴሳን ስለሚሻገር ባለ ተሳቢ መኪና አድርጎ መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል?

አካውንቲንግ የተመረቀች አንዲት የጊምቢ ልጅ አዲስ አበባ ድረስ ሦስት ጊዜ ለፈተና ተጠርታለች። ነቀምቴ ራሷ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነች፤ ጊምቢ ከዚያ 110 ገደማ ትርቃለች።

«እንግሊዝኛው ከበደሽ?» አልኳት።

«አይ መምህር፤ እንግሊዝኛውስ ደህና ነው። መጀመሪያ ጊዜ ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ እስኪገባኝ ሰዓቱ አለቀ። ሁለተኛው ላይ ገባኝ፤ ግን መንገድ ተዘግቶ አድሬ በጠዋት ነው የደረስኩት፤ እንቅልፍ ጣለኝ። ሦስተኛውን አልፌ ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ።»

«ለመሆኑ ባቡር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ! አዲስ አበባ ቀላሉን ባቡር አይቼዋለሁ። ቆሞ ነበር።»

ይቺ ልጅ ቀልዷን አላጣችም። ዕድለኛም ናት፤ ማስታወቂያው ደርሷታል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት ድረስ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሦስት ወር! የሥራ ማስታወቂያ በኢንተርኔት በሚወጣበት፣ ምዝገባው በኢንተርኔት በሚያልቅበት፣ የፈተና ጥሪ በስልክ መልእክት በሚመጣበት ዘመን፣ በዚያ ጊዜ ተመርቆ ሥራ ይፈልግ የነበረ ልጅ ምን ያህል ጥሪ እንዳለፈው ማን ቆጠረለት? ከዚያ ወዲህም ግጭቱ ስንቱን ት/ቤት ዘጋ፣ ስንቱን መንገድ አስቆመ። ለቀጣሪው ይህ ሁሉ አይታየውም፤ የሚታየው «አልቀረበም» ወይም «ማለፊያ ነጥብ አላመጣም» የሚል ዝርዝር ነው።

ፈተና ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም። ፈተና ከቀረ የሚመጣው ደጅ ጥናት ነው፤ እሱን ደግሞ እናውቀዋለን። የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥርን የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው ከእሱ ለመገላገል ነበር፤ ምን ያህል እንደተገላገልን ለአንባቢ ትቼዋለሁ። አጎት የሌለው የሻምቡ ልጅ ከወረቀት በቀር ጠበቃ የለውም።

ነቀምቴ ላይ አምስት ስድስት ሆነው ቡና ቤት እየተሰበሰቡ የሚያጠኑ ልጆች አይቻለሁ። አንዱ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ሌላዋ በኦሮምኛ ታብራራዋለች፣ ሲሳሳቱ የሚሳሳቁት በአማርኛ ነው። ስልካቸውን ሰዓት ቆጣሪ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አቁመዋል። ከአርባ ጥያቄ ሠላሳውን ጨርሶ አሥሩን መዝለል፣ አሥሩ ላይ ተጣብቆ ሠላሳውን ከማጣት እንደሚሻል የነገራቸው አስተማሪ የለም፤ ራሳቸው ደርሰውበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሙሉ ፈተና ሳይቆሙ ይሠራሉ፤ የተሳሳቱትን ለብቻ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ያ ደብተር ከጥራዙ ይበልጣል፤ ለሚቀጥለው ተመራቂ የሚያወርሱትም እሱን ነው።

ቀጣሪዎች የናሙና ጥያቄዎቻቸውን አሳትመው ለሁሉም ቢያድሉ ያ ደብተር ባላስፈለገ ነበር። ፈተናውም ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ይምጣ። አዳራሽ የለም እንዳይባል፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ይሰጣል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ነቀምቴ ላይ አለ፤ ጊምቢና ሻምቡም ግቢ አለው። ወንበሩ ተደርድሯል፣ ፈታኝ መምህራኑም እዚያው ናቸው። ከአዲስ አበባ መምጣት ያለበት የታሸገ ፖስታ ብቻ ነው።