ርችት የሚያነብ መነጽር፦ ከሃይደልበርግ መስኮት እስከ ቡራዩ ኮረብታ

በበዓል ዋዜማ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ርችት ሲተኮስ የሚያየው መሐል ከተማ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። ከቡራዩ ከፍታማ ሰፈሮች ሆኖ ወደ መሐል ከተማ ለሚመለከትም ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው ብልጭታ ከሩቅ ይታያል። ከእንጦጦ ማዶ ያለውን የሱሉልታን ነዋሪ ግን ተራራው ይጋርደዋል፤ የሚያየው በሰፈሩ የሚተኮሰውን ነው። ሁሉም "ሲያምር!" ይላል። ጭሱ ሲበተን ነገሩም በዚያው ያበቃል።

ያ ብልጭታ ግን ለሚያነበው ሰው ጽሑፍ ነው። ማንበቢያውም ውድ መሣሪያ አይደለም። በወረቀት ፍሬም ላይ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ በውጭ ገበያ በጅምላ ሲገዛ አንዱ ከአንድ ዶላር በታች ይሸጣል። ፕላስቲኩ ላይ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 500 ያህል የሚሆኑ፣ በዓይን የማይለዩ ትይዩ ጭረቶች ታትመውበታል። በፊዚክስ ክፍል ዳይፍራክሽን ግሬቲንግ ይባላል። ብርሃን በጭረቶቹ መሐል ሲያልፍ እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ ማዕዘን ይታጠፋል። ስለዚህ ሻማም፣ አምፖልም፣ ርችትም በዚህ መነጽር ሲታይ ግራና ቀኙ ቀለማት ይዘረጋሉ።

ብዙዎች የልጅ መጫወቻ አድርገው የሚያዩት ይህ ዕቃ ከ200 ዓመት በላይ ታሪክ አለው። ታሪኩ ለእኛ ሁለት ነገር ይነግረናል፦ ትልቅ ዕውቀት በትንሽ ዋጋ ሊገኝ እንደሚችል፣ እንዲሁም መነጽር የተባለ ሁሉ ዓይንን እንደማይጠብቅ።

▪️ ከመሐረብ እስከ ሲዲ

በ1780ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የነጻነት አዋጅ ላይ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ የሆነው ፍራንሲስ ሆፕኪንሰን፣ አንድ ምሽት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የመንገድ ፋኖስን በሐር መሐረብ ውስጥ አየ። የመሐረቡ ክሮች ጎልተው ታዩት፤ መሐረቡን ቢያንቀሳቅሰውም ምስሉ አልነቃነቅ አለ። ግራ ገብቶት ወዳጁን የሥነ ፈለክ ሊቁን ዴቪድ ሪተንሃውስን ጠየቀ። ሪተንሃውስ በቀጫጭን ብሎኖች መሐል ፀጉር ደርድሮ ሞከረውና ብርሃኑ ወደ ጎን ተበትኖ በቀለማት ሲከፈል አየ።

ይህን ለማየት ፊላደልፊያ መሄድ አያሻም። በክረምት ምሽት የናይለን ጃንጥላ ዘርግቶ በጨርቁ ውስጥ የሩቅ አምፖል የተመለከተ የሱሉልታ ተማሪ፣ በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩ ነጥቦችን ያያል። ሆፕኪንሰንን ግራ ያጋባው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሳይንስ ያደረገው ጀርመናዊው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ የመስታወት ሠሪ ተለማማጅ ነበር፤ በ1801 የሚሠራበት ቤት ተደርምሶበት ከፍርስራሽ ውስጥ በሕይወት ወጥቷል። በ1814 በፀሐይ ቀለማት ውስጥ ከ500 በላይ ጥቁር መስመሮችን ቆጠረ። በ1821 ደግሞ ቀጫጭን ሽቦዎችን ደርድሮ በሠራው ግሬቲንግ የብርሃንን የሞገድ ርዝመት መለካት ጀመረ። በ1880ዎቹ አሜሪካዊው ሄንሪ ሮውላንድ በአንድ ኢንች ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ መስመር የሚጭር ማሽን ሠራ። ያኔ ግሬቲንግ የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርስ ነበር።

ዛሬ ያንን ያህል ጭረት በፕላስቲክ ላይ እንደ ማኅተም ይታተማል። እንዲያውም ብዙ ቤት ውስጥ ሳይታወቅ ተቀምጧል። አቧራ የለበሰው የድሮ ዘፈንና የፊልም ሲዲ በአንድ ሚሊሜትር 625 ያህል መስመር አለው። ጀርባው ቀስተ ደመና የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

▪️ የማንሃይም እሳት

የዚህ ታሪክ ዋናው ምዕራፍ የተጻፈው በሃይደልበርግ ነው። በ1859 እና 1860 ጉስታቭ ኪርኾፍና ሮበርት ቡንዘን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲጋል የራሱ የሆኑ የቀለም መስመሮች እንደሚያወጣ አረጋገጡ። ስለ እነሱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አንድ ምሽት ወደ 16 ኪሎ ሜትር በምትርቀው በማንሃይም ከተማ እሳት ተነሣ። ሁለቱ ሰዎች ከላቦራቶሪያቸው መስኮት ሆነው ነበልባሉን በመሣሪያቸው ተመለከቱት፤ በውስጡም ባሪየምና ስትሮንሺየም መኖሩን ለዩ። ከዚያም ጥያቄ ተነሣ፦ ከዚህ ርቀት እሳቱ ውስጥ ያለውን ማወቅ ከቻልን፣ ፀሐይ ውስጥ ያለውንስ ለምን አንችልም?

ርችትን ከሚያቀልሙት መሐልም እነዚሁ ሁለት ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። ቀዩ ስትሮንሺየም ነው፤ አረንጓዴው ባሪየም፤ ሰማያዊው መዳብ፤ ቢጫው ሶዲየም፤ ነጩ ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም። ቡራዩ ኮረብታ ላይ ቆሞ የመሐል ከተማን ርችት በግሬቲንግ መነጽር የሚያይ ልጅ፣ ርቀቱም ነገሩም ከሃይደልበርጉ መስኮት ብዙ አይለይበትም።

ልዩነቱን ለማየት ደግሞ የመስቀል ዋዜማ ይበቃል። ችቦ የሚያበራው የጋለ ጥላሸት ስለሆነ በመነጽሩ ሲታይ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያልተቆራረጠ ቀስተ ደመና ይሰጣል። ርችት ግን ቀለሙ ይቆራረጣል፤ አንዳንዱ ደምቆ ይወጣል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ይጠፋል። ምድጃ ላይ ቆንጥር ጨው ሲበተን ብልጭ የሚለው ቢጫም የሶዲየም ምልክት ነው።

ኪርኾፍና ቡንዘን የጠየቁት ጥያቄ ፍሬ ለማፍራት ብዙ አልቆየም። ነሐሴ 18 ቀን 1868 (እ.ኤ.አ.) ሕንድ ላይ ፀሐይ በጨረቃ ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ በጠርዟ የሚነደውን ጋዝ በመሣሪያ መመርመር ተቻለ። በዚያው ዓመት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የማይታወቅ ቢጫ መስመር ተለየ። ንጥረ ነገሩ ሂሊየም ተባለ፤ ምድር ላይ የተገኘው ግን ከ27 ዓመት በኋላ በ1895 ነው።

▪️ የእንጦጦ ጎረቤቶች

በአዲስ አበባና በሱሉልታ መሐል፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የእንጦጦ የሕዋ ምርምር ማዕከል ቆሟል። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ብዙ የደከመበት ሥራ ነው። በ2015 ሥራ ሲጀምር እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ነበሩት። የከዋክብትን ብርሃን በቀለም ከፋፍሎ ማንበብ የእንዲህ ያለ ማዕከል የዕለት ሥራ ነው፤ የሚያነብበትም መንገድ የፕላስቲክ መነጽሩ ከሚጠቀምበት ሕግ የተለየ አይደለም።

ችግሩ ከተማው ነው። ከጅምሩም የከተማው ብርሃንና ደመናው እንደሚያስቸግሩ ስለታወቀ፣ ከከተማ መብራት ርቆ በላሊበላ ተራሮች ሌላ ማዕከል የመሥራት ዕቅድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አድገው፣ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለው፣ መብራታቸውም በዝቷል። የመብራቱ ዓይነትም እየተለወጠ ነው። የድሮው ቢጫ የሶዲየም አምፖል ብርሃኑ በጥቂት ቀለማት ላይ የተከማቸ ስለሆነ ተመራማሪዎች ለይተው ሊያስወግዱት ይቀላቸዋል። ነጩ ኤልኢዲ ግን በሁሉም ቀለም ላይ ተሰራጭቶ ሰማዩን ይሸፍናል። ይህን ለማመን የባለሙያ ምስክርነት አያስፈልግም፤ ሁለቱን አምፖሎች በግሬቲንግ ማየት ይበቃል።

▪️ ሌዘርና ዓይን

ሌዘር አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ ቀስተ ደመና የለውም። በግሬቲንጉ ውስጥ አሳልፈው ወደ ግድግዳ ሲያበሩት ነጥቦች ይደረደራሉ። 500 መስመር ባለው ግሬቲንግ፣ ግድግዳው 2 ሜትር ቢርቅ፣ አረንጓዴው ሌዘር (532 ናኖሜትር) ከመሐሉ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ያርፋል፤ ቀዩ (650 ናኖሜትር) ደግሞ 69 ገደማ። በማስመሪያ ብቻ የብርሃን ሞገድ ተለካ ማለት ነው። ሌዘሩ ወደ ግድግዳ እንጂ ወደ ሰው ዓይን መዞር ፈጽሞ የለበትም። መነጽሩን አድርጎ ወደ ሌዘር ማየትም ያው አደጋ ነው።

አደጋው የሚታየው ቀለም ላይ ብቻም አያበቃም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ15 ዶላር የተገዛ አረንጓዴ ሌዘር ፈተሹ። 10 ሚሊዋት ተብሎ የተሸጠው ዕቃ አረንጓዴው ደካማ ነበር፤ ግን 20 ሚሊዋት ገደማ የማይታይ ኢንፍራሬድ ጨረር ይተፋ ነበር። ዓይን ስለማያየው አይጨፈንለትም። ይህንን በቤት ውስጥ ለመፈተሽ ያቀረቡት ዘዴም ሲዲን እንደ ግሬቲንግ፣ ርካሽ የኮምፒውተር ካሜራን እንደ ዓይን የሚጠቀም ነበር።

ዓይነ ስውራን ልጆች ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የተማሩባት የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለችው ሰበታ ናት። ዓይነ ስውርነት ከትምህርትም ከሥራም እንደማያስቀር ትምህርት ቤቱ ምስክር ነው። ይህ ግን በመጫወቻ ምክንያት ዓይን ማጣትን ቀላል አያደርገውም።

ጉዳዩ ቀን የተቆረጠለት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ቅርጽ የያዘው የፀሐይ ግርዶሽ በአዲስ አበባ ዙሪያ በከፊል ታይቷል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በስፔን፣ በግብፅ፣ በሳዑዲ፣ በየመንና በሰሜን ሶማሊያ የሚያልፍ ሙሉ ግርዶሽ አለ፤ ከኢትዮጵያ ደመና ካልከለከለ በከፊል ይታያል። የግርዶሽ መነጽር ከ30 ሺህ አንድ እጅ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ጥቁር ማጣሪያ ነው። የግሬቲንግ መነጽር ብርሃኑን ሳይቀንስ ያሳልፈዋል። ሁለቱም የወረቀት ፍሬም ስላላቸው በገበያ ላይ አንዱ በሌላው ቦታ ሊሸጥ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ መነጽሩን አድርጎ የቤት አምፖል የሚያይ ሰው አምፖሉ በደንብ ከታየው፣ በዚያ መነጽር ፀሐይን ማየት የለበትም። ጨለማ መስሎ መታየቱ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ ከታመነ ምንጭ የመጣ መሆን አለበት።

እስከዚያ ድረስ በሦስቱ ከተሞች ያሉ የሳይንስ ክበባት ሥራ አላቸው። አንድ የድሮ ሲዲ፣ አንድ የካርቶን ሳጥንና አንድ ምላጭ ያለው ክፍል የኪርኾፍንና የቡንዘንን ሙከራ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይሠራዋል። ያንን የሠራ ተማሪ የግርዶሹ ቀን ሲመጣ የትኛው መነጽር ለምን እንደሆነ ለቤተሰቡ የሚነግር ሰው ይሆናል።