ክርስትና በቤተ እስራኤል ዘንድ

ክርስትና በቤተ እስራኤል ዘንድ የተስፋፋው በጎንደር፣ በደምቢያና በሰሜን አካባቢ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዘመን ዓፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አወጁ። ከዚያ ወዲህ ጥምቀት የእምነት ብቻ ሳይሆን የመሬትም ጉዳይ ሆነ። በ17ኛው መቶ ዘመን ዓፄ ሱስንዮስ የሰሜን ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ በግድ እንዲጠመቁ አዘዙ።

== ሚሲዮናውያን ==

እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ ስተርን መጣ። ሌላው ሚሲዮናዊ ዮሐን ማርቲን ፍላድ በደምቢያ ጀንዳ ላይ ሠራ። ዓፄ ቴዎድሮስ ስብከቱን የፈቀዱት የሚያምኑት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ነበር። በ1862 አባ ማሃሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሰው አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ፤ ነገር ግን ትግራይ ላይ በረሃብና በበሽታ ብዙዎቹ አለቁ። ቴዎድሮስ ያሰሯቸው ሚሲዮናውያን በ1868 መቅደላ ላይ ከተፈቱ በኋላ ሥራውን የቀጠሉት ከቤተ እስራኤል የተወለዱ ሰባኪዎች ነበሩ፤ ዋናው በፍላድ ዘንድ ያደጉት ሚካኤል አረጋዊ ናቸው። የ1888–1892 ክፉ ቀንም ብዙ ሰዎችን ወደ ጥምቀት ገፋ።

== ዘሮቻቸው ==

የተጠማቂዎቹ ዘሮች ፈላሽ ሙራ ይባላሉ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲወሰዱ እነርሱ ቀሩ። በኋላ ብዙዎቹ በየጊዜው ቢገቡም፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ወደ ይሁዲነት ተመልሰው ፈቃድ የሚጠባበቁ ቤተሰቦች አሉ፤ ወላጅና ልጅ በሁለት አገር የተለያዩም ብዙ ናቸው።