ክሮስኦቨር ኬብል
ሁለት ኮምፒውተሮችን ያለ ስዊች ወይም ራውተር በቀጥታ የሚያገናኝ የኔትወርክ ገመድ። በቀድሞዎቹ የ10 እና የ100 ሜጋቢት ካርዶች ፒን 1 እና 2 ይልካሉ፣ 3 እና 6 ይቀበላሉ። ተራ ገመድ ከተሰካ ላኪ ከላኪ ስለሚገጥም የካርዱ መብራት እንኳ አይበራም። ስለዚህ በአንደኛው ጫፍ ብርቱካናማውና አረንጓዴው የሽቦ ጥንዶች ቦታ ይለዋወጣሉ። ጊጋቢት ካርዶች ይህን አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያስተካክሉታል።

መብራቱ በርቶ ፋይል አልተላለፍ ካለ ግን ገመዱን መውቀስ ከንቱ ድካም ነው፤ የኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ ይታይ። በ169.254 ከጀመረ አድራሻ የሚያድል መሣሪያ አልተገኘም ማለት ነው። ለአንዱ 192.168.0.1፣ ለሌላው 192.168.0.2፣ ለሁለቱም ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0 በእጅ ይሞላል። ግንኙነቱን የሚፈትነው ፒንግ የተባለ ትእዛዝ ያኔም መልስ ካጣ ተጠርጣሪው ፋየርዎል ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣው ሰርቪስ ፓክ 2 ጀምሮ ፋየርዎሉን ሳይጠየቅ ያበራል።