«ደንቆሮ» የተባለው ቁጥር

እያንዳንዱ ጎኑ 1 የሆነ ካሬ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ቢሰመር፣ የሰያፉ ርዝመት የ2 ዳግም ዘር ይሆናል። ይህን መጠን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1800 እስከ 1600 ባለው ዘመን የኖረ አንድ የባቢሎን ጸሐፊ፣ በሸክላ ጽላት ላይ በስድሳ ቤት አቆጣጠር 1፣ 24፣ 51፣ 10 ሲል አስፍሮታል። ጽላቱ የሚገኘው በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። አኃዙ ከእውነተኛው መጠን የሚያንሰው ከአንድ ሚሊዮንኛ በታች ነው፤ ስሌቱ ማብቂያ ያለው ስለ መሆኑ ግን ጽላቱ ምንም አይናገርም።

ጥያቄውን ያነሱት ግሪኮች ናቸው። የፓይታጎራስ ተከታዮች ነገር ሁሉ በሙሉ ቁጥሮችና በንጽጽራቸው ይገለጻል ብለው ያምኑ ነበርና፣ የሰያፉ ጉዳይ የእምነታቸውን መሠረት የሚነካ ሆነ። ምሥጢሩን ያወጣው ሰው በባሕር ሰጠመ የሚለው ወሬ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ በመሆኑ፣ ከተረት እንጂ ከታሪክ ሊቆጠር አይገባውም። ማስረጃው ግን ከተረቱ ይልቅ ያስደንቃል። የ2 ዳግም ዘር ከዚያ ወዲያ በማይቀል ክፍልፋይ ይገለጻል እንበል። የላዕሉ ካሬ የታሕቱ ካሬ እጥፍ ስለሚሆን ላዕሉ ተጋማሽ ነው። የተጋማሽ ቁጥር ካሬ ደግሞ ለ4 ይካፈላልና የታሕቱ ካሬ፣ ታሕቱም ራሱ፣ ተጋማሽ ይሆናል። እንግዲያውስ ክፍልፋዩ ገና ይቀል ነበር ማለት ነው፤ ይህም ከመነሻው ጋር ይጋጫል። ፕላቶ እንደ ተረከው፣ የቀሬናው ቴዎድሮስ ከ3 ጀምሮ መሰል ቁጥሮችን አንድ በአንድ ሲያስረዳ ሄዶ 17 ላይ ቆመ። ስለ ምን በዚያ እንደ ቆመ ፕላቶ አልነገረንም።

የዐረብ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ዘር «አሰም»፣ ማለትም ደንቆሮ አሉት፤ በግእዝ «ጽሙም» የሚለው ቃል የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት መጻሕፍታቸው ወደ ላቲን ሲመለሱ ቃሉ «ሱርዱስ» ተብሎ ተተረጎመ፤ እንግሊዞችም «ሰርድ» አሉት። ስሙ የንቀት ቢመስልም፣ በ9ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ገደማ የተወለደው ግብፃዊው አቡ ካሚል እነዚህን ዘሮች እንደ ማናቸውም ቁጥር እየደመረና እያባዛ ይሠራባቸው ነበር።

አውሮፓ ግን ብዙ አመነታች። ክርስቶፍ ሩዶልፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1525 √ የሚለውን ምልክት በመጽሐፉ አተመ፤ በ1544 ሚካኤል ሽቲፈል በበኩሉ እነዚህን ዘሮች ጥቅማቸውን ሳይክድ እውነተኛ ቁጥር ብሎ ከመጥራት ተቆጠበ። ችግሩን ከሥሩ የነካው አስተማሪ ነበር። ሪካርድ ዴዴኪንድ በ1858 በዙሪክ ካልኩለስ ሲያስተምር ለትምህርቱ ጽኑ መሠረት እንዳጣለት ተገነዘበ። በ1872 ባሳተመው መጽሐፉም የ2 ዳግም ዘር በ3 ዳግም ዘር ሲባዛ የ6 ዳግም ዘር ይሆናል የሚለው ሕግ፣ ተማሪ ሁሉ በየዕለቱ የሚሠራበት ይኸው ሕግ፣ እርሱ እስከሚያውቀው ድረስ ከዚያ በፊት በሚገባ እንዳልተረጋገጠ ጻፈ።